የቮልሷ ቁጥር

በዘጠናዎቹ ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም ስኖር አንዲት አሮጌ ቮልስ ነበረችኝ። ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ታርጋዋ ተቀይሮ አያውቅም፤ መጨረሻው 711 ነው። እሁድ እሁድ የምናመልክበትን የኪራይ አዳራሽ መውጫ ዘግቼ ስለማቆም አስተናጋጁ ቁጥሬን በማይክ ይጠራል። ምእመናኑም ስሜን ትተው «ሰባት መቶ አሥራ አንድ» ይሉኝ ጀመር።

አንድ እሁድ ስወጣ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ቮልሷን ሲደባብሱ አገኘኋቸው። መጀመሪያ የገዟት እሳቸው ነበሩ።

«ከሟች ሚስቴ ጋር የተጋባን ቀን የነዳኋት ናት» አሉኝ። «አሁን እዚህ ውስጥ ለመግባት ጉልበቴ አይታጠፍም። ቁጥሯን ብቻ ሽጥልኝ፣ በአዲሷ መኪናዬ ላይ ላድርገው።»

ሳምንት ሙሉ አመነታሁ። ያለዚያ ቁጥር ቮልሷ ራቁቷን የምትቀር መሰለኝ። ባለቤቴ ግን «አንተ ሌላ ስም አለህ፤ እሳቸው ሌላ ምን አላቸው?» አለችኝ። መኪና የሚመዘገብበት ሱላሱንግ ከሽማግሌው ጋር ሄደን ቁጥሩን አዛወርኩላቸው።

በሚቀጥለው እሁድ ስብከቱ መሃል ላይ አስተናጋጁ ማይኩን ያዘ።

«ሰባት መቶ አሥራ አንድ፣ መውጫውን ዘግተሃል» አለና እንደወትሮው በጀርመንኛ ደገመው።

ለምዶብኝ ብድግ አልኩ። ሰዉ ሳቀ፤ የሚያየው ግን እኔን አልነበረም። ዞር ስል፣ ከመጨረሻው ወንበር ሽማግሌው ቁልፋቸውን ይዘው ተነስተዋል።