ሙዐዊያና የአዳራሹ ፕላን

ሙዐዊያ ያን ሰሞን በገዛ አዳራሹ ውስጥ መንገድ ጠፋበት። ሃያ ሁለት ዓመት በዘበኝነት የጠበቀው የአሶሳ ትልቁ የስፖርት አዳራሽ እድሳት ሲጀመርለት ወንበሩ ተነቀለ፣ በሮቹ ወለቁ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ተገፎ ሰማይ መታየት ጀመረ። ሰውዬው ሰባት ቁልፍ ታጥቆ የሚቆልፈው በር አጣ። ግራ ባይጋባ ነበር የሚገርመው።

ከሁሉ የከነከነው ግን አንድ ነገር ነው፤ አዳራሹ ታድሶ ሲያልቅ እሱስ ይኖራል ወይስ ይሰናበታል? ማንም አልነገረውም፤ እሱም ደፍሮ አልጠየቀም።

አንድ ቀን የእድሳቱ መሐንዲስ፣ የባምባሲዋ ልጅ ሜቲ፣ ፕላኗን ዘርግታ ጠራችው። የጣሪያውን ውሃ የሚያወጣው ዋና ቱቦ ከወለሉ ሥር የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነበር።

"ጋሼ፣ ሲቀበር እርስዎ ነበሩ አሉ።"

"ነበርኩ! እኔ ነው የቆፈርኩት፣ በዚህ እጅ!"

ልቡ በደስታ ዘለለ። ይህን ካሳየሁማ ማን ያባርረኛል ብሎ እስክሪብቶውን ተቀበለና ወረቀቱ ላይ ወፍራም መስመር አሰመረ።

በማግስቱ ወለሉ ተሰበረ። ቱቦ የለም። ሌላ ሁለት ሜትር ተሰበረ፤ ቀይ አፈር ብቻ። "ሽማግሌው ዘንግቷል" ሲል አንዱን ሠራተኛ ሰማው። ቃሉ አጥንቱ ድረስ ገባ። ዘነጋሁ እንዴ? የቆፈርኩት ሌላ ቤት ነው? ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ደረቱ ቆሞ አፈር ሲወረውር፣ ወዳጁ ማህጁብ ከላይ ሆኖ ሻይ ሲያቀብለው ያስታውሳል፤ ወይስ እሱም ህልም ነበር? ራሱን ማመን አቃተው፤ ይህ ደግሞ ክፉ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ የሰላት ጊዜ ደረሰ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋው ወደ መካ የሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ቂብላ፣ አይጠፋውም። ሰግዶ ቀና ሲል ቱቦው በግራው በኩል እንደነበር ቁልጭ ብሎ ታየው። የተሰበረው ወለል ግን በቀኙ ነው።

እየሮጠ ሄደ። "ኢንጂነር! አንተ ወረቀትህ ስህተት ነው!" የሙዐዊያ አማርኛ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው፤ እቤቱ የሚናገረው የበርታ ቋንቋ ነው።

"ቆይ ጋሼ፣ ሲያሰምሩ የወረቀቱ ራስ ወዴት ነበር?"

"ወደ ቂብላ ነዋ! ሌላ ወዴት ይሆናል?"

ሜቲ ወረቀቱን አየች፣ የበሩን ክፍተት አየች፣ ሳቋ አመለጣት። ፕላኑ የተሳለው ዋናው በር ከገጹ ግርጌ ሆኖ ነው፤ ዋናው በር ደግሞ ያለው በቂብላ በኩል ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ተገልብጦ ግራው ቀኝ ሆኗል።

ሙዐዊያ ወረቀቱን ተወው። ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጎ ቆመ፣ በግራው አሥራ አንድ እርምጃ ቆጠረና ወለሉን በተረከዙ መታ። እዚያው ተሰበረ፤ ቱቦው ወጣ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡለት፣ ሜቲም በሁለት እጇ ጨበጠችው።

ያኔ ድፍረት አገኘ። ፕላኑን አንስቶ የወረቀቱን በር ወደ እውነተኛው በር አዙሮ በጥንቃቄ ዘረጋና ጠየቀ።

"የኔ ክፍል የት ነው?"

ከመድረኩ ጎን ያለችውን፣ አንድ አልጋ የምትይዘውን የጥበቃ ክፍል ማለቱ ነው። ሙዐዊያ ወረቀቱን አዞረው። አሁንም መልሶ አዞረው።

"ጋሼ፣ ቢያዞሩትም የለችም" አለች ሜቲ ቀስ ብላ። "አዲሱን በር የሚጠብቀው ካሜራ ነው።"