ቆጮ ያስቆፈረ ምርጫ

ያንን ጨርቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ረጅም ነጭ አቡጀዲ ነበር፤ በቀይ ቀለም «ሰርጎ ገብ ወንበዴ በመካከላችን አለ! ነቅተን እንጠብቅ!» ብዬ ጻፍኩበትና ሆሳዕና ውስጥ በቀበሌያችን አዳራሽ በር ላይ ተሰቀለ። የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር። ሰው እያነበበ ሲያልፍ ሳይ ኮራሁ፤ ዛሬ ያንን ኩራት ሳስታውስ ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆነ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ይህንንና ጽሑፌን አይቶ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረገኝ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሊቀመንበሩ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው። የሰውን ልጅ ከገበያ እያሳፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና ሲልክ የራሱ ልጆች ግን አንዱ «በሽተኛ»፣ ሌላው «የቀበሌ ሠራተኛ» ሆነው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ይህንን የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ የቀበሌ ምርጫ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ጎረቤታችንን ድሬሰሩን በእጩነት አቀረቡ። ድሬሰሩ የከተማውን ሕፃን ሁሉ መርፌ የወጋ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ የማይሰማ ሰው ነበር። ምርጫው እጅ በማውጣት ነው፤ ድሬሰሩ እንደሚያሸንፍ ሊቀመንበሩም ያውቃል።

ታዲያ «ይህንን ሠራሁላችሁ» ብሎ የሚያወራው ስላልነበረው ፍርሃት ይዞልን መጣ። በየስብሰባው ሰርጎ ገብ፣ አሸባሪ፣ ወንበዴ ብቻ ሆነ። ጦርነቱ ያለው ከእኛ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ሰሜን ነው፤ እሱ ግን እዚሁ አቅራቢያችን ጊምቢቹ ታዩ አለ፣ ቀጥሎ ወንዝ ተሻገሩ አለ፣ ቀጥሎ እዚሁ ሰፈራችን ገቡ አለ። «እኔ ባልኖር ቤታችሁ በላያችሁ ላይ ይነድ ነበር» ይላል። ያያቸው ሰው የለም፤ ግን ሁሉም ያየ ሰው ያውቃል። ከዳምቦያ ዝንጅብል ጭኖ የመጣ ነጋዴ «ጆንያው ከበደ» ተብሎ ግማሽ ቀን ታሰረ፤ ዝንጅብሉም አንድ በአንድ ተፈተሸ። እኛ ቤት ተሳቀበት፤ እኔም ስቄያለሁ።

ከምርጫው አንድ ሳምንት በፊት የድሬሰሩ ሚስት እንሰት አስፋቀች። እናቴ ሆሳዕና ስትመጣ እንሰት ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር፤ መፋቁን፣ መጭመቁን፣ መቅበሩን ያስተማረቻት ይህቺው ሴት ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ። የሰፈሩ ሴቶች በደቦ ተሰብስበን ዋልን። የተፋቀውን በቅጠል በተደለደለ ጉድጓድ ቀበርነው፤ ቅጠል አለበስነው፤ አፈርና ድንጋይ ጫንበት። ወራት ከቆየ በኋላ ነው ቆጮ የሚሆነው፤ ያለጊዜው ተከፍቶ አየር ከገባው ይበላሻል። እኔ ቅጠል ተሸከምኩ። የሊቀመንበሩም ሚስት ከእኛው ጋር እስከ ክርኗ በእንሰት ተነክራ ስትስቅ ዋለች።

ወንድ ግን ወደዚያ አይጠጋም። እንሰት ሲፋቅ ከጓሮ ይርቃል፤ የት እንደተቀበረ ቢያውቅ እንኳ እንዳላወቀ መምሰል ጨዋነቱ ነው። ሊቀመንበሩ ይህንን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ቆጮ በልቶ ነው ያደገው።

በምርጫው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ተነሳና «ጓዶች! በአንድ እጩ ጓሮ ውስጥ ሰሞኑን ተቆፍሮ የተደፈነ መሬት ተገኝቷል» አለ። ድሬሰሩን አስነሳው።

«ጓሮህ ውስጥ ምን ቀብረሃል?»

«እኔ የቀበርኩት ነገር የለም።»

«መሬቱ አልተቆፈረም ነው የምትለው?»

ድሬሰሩ አፈረ። ያን ሁሉ ሴት ፊት ለፊቱ አስቀምጠው የጓሮ ነገር ሲጠይቁት አንገቱን ደፋ። «ተቆፍሮ ይሆናል። የሴቶች ሥራ ነው፤ እኔ አላውቅም» አለ። የዚያ አገር ጨዋ ወንድ ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚመልሰው።

«ሰማችሁ?» አለ ሊቀመንበሩ። «በገዛ ጓሮው የተቀበረውን አላውቅም ይላል! ጻፊ!»

ጻፍኩ። «ተጠርጣሪው አላውቅም ብሏል» ብዬ በዚያ በሚያምር ፊደሌ ጻፍኩ። «የሴቶች ሥራ ነው» ያለውን ግን አልጻፍኩም። አትጻፊ ያለኝ የለም። በጣም ስለተቻኮለ ነው፣ እጄ አልደርስ ብሎኝ ነው እያልኩ ለዓመታት ራሴን አታልያለሁ። ውሸቴን ነው፤ ፈርቼ ነው።

እትዬ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ቆጮ ነው!» ብላ ጮኸች። «ቆጮ ነው እንጂ ምን ይሆናል? እነዚህ ሁሉ አብረውኝ ቀብረዋል፤ ጠይቋቸው!»

ሊቀመንበሩ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «አብራ የቀበረች ካለች ትነሳ!»

አንዲትም አልተነሳችም። የገዛ ሚስቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። እናቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ ወረቀቴን አየሁ። ሰባት ስምንት ሴቶች ነበርን፣ እጃችን ገና የእንሰት ሽታ አልለቀቀውም፤ አንዳችን ብንነሳ ሌሎቹም ይነሱ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ሕዝቡን ሁሉ እየነዳ የድሬሰሩ ጓሮ ገባ። አብዮት ጥበቃዎቹ ድንጋዩን ፈንቅለው ቅጠሉን በሳንጃ ቀደዱት። ያንን የስንት ሴት ጉልበት የፈሰሰበትን፣ ቤተሰቡ ዓመት የሚበላውን፣ በአካፋ እየዛቁ አፈር ላይ ደፉት። ዶሮዎች ተራኮቱበት። ሊቀመንበሩ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ቆሞ ያያል፤ ቆጮ ምን እንደሚሸት የማያውቅ ሰው ይመስል! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እሱ የናቀው ግን እኛን ሁላችንንም ነበር። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን መሣሪያ አልተገኘም። «አሽሽተውታል፤ ይህ ራሱ ማስረጃ ነው» አለና ድሬሰሩን አስወሰደው።

እሑድ ጠዋት ምርጫው ተደረገ። የድሬሰሩ ስም ተሰርዟል። «ከሰርጎ ገብ የጠበቃችሁን የምትመርጡ እጃችሁን አውጡ» ተባለ። አባቴ አወጣ። እናቴ አወጣች። እጩ ያቀረቡት ሽማግሌዎች አወጡ። እትዬም አወጣች፤ ባሏ በእሱ እጅ ነው፣ ምን ታድርግ? እኔ በግራ እጄ ደብተሩን ይዤ ቀኜን አወጣሁ፤ ከዚያ አውርጄ «በሙሉ ድምፅ ተመርጧል» ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ ሴቶቹ ከየጉድጓዳቸው የደረሰ ቆጮ እየቆረጡ ለእትዬ ያመጡላት ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የሊቀመንበሩ ሚስት ሳትቀር ላከች። እትዬ ሁሉንም ተቀብላ አመሰገነች። እኔ ብሆን ፊታቸው ላይ እደፋው ነበር እያልኩ ቤት ውስጥ ፎከርኩ፤ ያን ጊዜ የእናቴን ቆጮ ያደረስኩላት እኔው ራሴ ነበርኩ።

ድሬሰሩ ከሁለት ወር በኋላ ከስቶ ተመለሰ። ስለታሰረበት አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። መርፌ መውጋቱን ግን ቀጠለ፤ የሊቀመንበሩንም ልጆች።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተቀየረ፤ ምርጫውም ኮሮጆ መጣለት። ነገር ግን በሬዲዮ «አሸባሪ መጣባችሁ፣ ያለ እኔ ማን አላችሁ?» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የማንን ጓሮ ሊያስቆፍር ነው እላለሁ። እውነተኛ ገዳይ የለም አልልም፤ አለ። እነዚህ ግን ገዳዩን አይፈልጉትም፤ የሚፈልጉት እጃችንን ነው።

በዓመቱ እትዬ እንደገና እንሰት አስፋቀች። እኛንም እንደ ወትሮው ጠራችን፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሄድን። ጉድጓዱ ሞልቶ ቅጠል ሊለብስ ሲል በስሜ ጠራችኝና ከጉድጓዱ አፍ አቆመችኝ።

«ደህና አድርገሽ እዪ» አለችኝ። «ምን እንደተቀበረ እዪ።»

«እትዬ፣ ያኔም አይቼ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና ድንጋዩን አቀበለችኝ።