የፖስተኛው ጢም

ጸጉር አስተካካዩ በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ ሁለት ቃላት ከአፉ ወጥተው አያውቁም፤ አንዱ «አላውቅም»፣ ሌላው «ተሳሳትኩ»። ሰፈርተኛው «ጉድበል» ይለዋል። ደንበኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ ካሰረለት በኋላ፣ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት «ጉድ በል!» ሳይል አይጀምርማ። ከዚያ በኋላ ማምለጫ የለም። አንገቱን የታሰረ ሰው ወዴት ይሄዳል?

«ጉድ በል! ኦክቶፐስ የሚሉት የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ አለው። እኛ በአንዷ እንኳ ስንቱን ችለን!»

የቀጭኔ አንገት ያን ሁሉ ርዝመት ይዞ አጥንቱ እንደ ሰው አንገት ሰባት ብቻ መሆኑን ሲናገር ማበጠሪያውን በደንበኛው ማጅራት ላይ ቀስ አድርጎ ያወርዳል፤ ደንበኛውም ሳይወድ በግዱ አብሮ ይቆጥራል። በታሪክ አጭር የሚባለው ጦርነት አርባ ደቂቃ እንኳ አልሞላም የሚለውን ደግሞ «ፈጠን በል እንጂ፣ ሥራ አለብኝ» ለሚሉት ነው የሚያስቀምጠው። «አየህ፣ ጦርነቱ ተጀምሮ አልቋል፤ ያንተ ግን ግራ ጎንህ ገና ነው» ይላል። ይህን ሁሉ የሚለቅመው ከአሮጌ ጋዜጣና ከሬዲዮ ነው። የለቀመውን ቁጥር እየሰጠ በሰማያዊ ደብተር ይጽፍና ከምላጮቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል።

ከሱቁ ግድግዳ ወዲያ ልብስ ሰፊዋ ትሠራለች። ግድግዳው ሥሥ ነው። ድሮ፣ ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናዋን ከማስነሳቷ በፊት፣ በመቀሷ እጀታ ግድግዳውን ኳ ኳ ታደርግና «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ጉድ አለ?» ትለው ነበር። እሱም የዕለቱን ጉድ ጮክ ብሎ ይነግራታል። ሳቋ በግድግዳው ያልፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሳቅ ለጉድበል ከደንበኛው ሁሉ «ወይ ጉድ!» ይበልጥበት ነበር።

ባሏ ፖስተኛ ነበር፤ የጉድበል የጠዋት የመጀመሪያ ደንበኛ። ጢሙን ሳይላጭ አንድም ቀን ቦርሳውን ተሸክሞ አያውቅም። «ፖስታ የሚቀበለኝ ሰው የደረሰው መርዶ ይሁን የምሥራች ገና ሳያውቅ መጀመሪያ የሚያየው የኔን ፊት ነው፤ እሱ እንኳ ንጹሕ ይሁንለት» ይል ነበር። ታሞ አልጋ ላይ ሲውልም ጉድበል ምላጩንና ሳሙናውን በከረጢት ይዞ ቤቱ ድረስ እየሄደ ላጨው። የመጨረሻውን ቀንም ከሰዓት በኋላ ላጨው፤ ጉንጩን በእጁ ጀርባ ዳብሶ እንደ ሐር መለስለሱን አረጋገጠና ወጣ። ሰውየው ሲመሻሽ አረፈ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ባሏን ልትሰናበት ጎንበስ ብላ ስትስመው ጢሙ ከንፈሯን ወጋት። እንባዋን እየጠረገች ወጣችና ደጅ የቆመውን ጉድበልን፣ «ጋሼ፣ ትናንት አልላጨኸውም እንዴ?» አለችው። ቂም አልነበረባትም፤ ኀዘን ላይ ያለ ሰው እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀችው።

ጉድበል ግን እጁ የተነካ መሰለው። በማይነካው ነገር ነካችው፣ በሚላጭበት እጁ! ሳያስብ ከደብተሩ መዝዞ፣ «ምን ማለትሽ ነው! አሳምሬ ነው የላጨሁት። ሰው ከሞተም በኋላ ጢሙ ማደጉን አይተውም» አላት።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንዲያውም እንደ እሱ ደግ የለም። ብቻ በዚያች ሰዓት ከእሷ ኀዘን ይልቅ የራሱ ምላጭ ታየው፤ በእኛም በሁላችንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ከወር በኋላ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ጢም በወር ምን ያህል ያድጋል?» ስትለውማ ጭራሽ ደስ አለው። «ከአንድ ሳንቲሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው» ብሎ በምሁር ድምፅ መለሰላት። አመስግናው ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግድግዳው ኳ ብሎ አያውቅም። ጉድበል ኀዘን ነው፣ ጊዜ ይፈታዋል ብሎ ጠበቀ። ሦስት ዓመት ጠበቀ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሳይንስ መምህሩ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጉድበል ምላጩን እየሳለ፣ «ጉድ በል! ሰው ከሞተ በኋላ ጢሙ...» ሲል መምህሩ ከአረፋው ውስጥ ሳቀ።

«አይ ጋሼ፣ እሷስ ውሸት ነች።»

«እንዴት ውሸት? ጋዜጣ ላይ ነው ያነበብኩት!»

«ጋዜጣም ይሳሳታል። ጢም የሚያድገው ሥሩ ደም ሲያገኝ ነው፤ ልብ ሲቆም እሱም ይቆማል። ቆዳው ነው ውሃው እየደረቀ ወደ ኋላ የሚሸሸው። ያኔ ቆዳው ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ጢም ብቅ ይልና ያደገ ይመስላል።»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። መምህሩ ደንገጥ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አይናደዱ፤ እባክዎ መጀመሪያ ይላጩኝ» አለ። ጉድበል አንድም ቃል ሳይተነፍስ ላጨው። መምህሩ በዚያ ወንበር ላይ በዝምታ ሲላጭ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ጉድበል ምሳ ሰዓት ላይ ለሚስቱ ነገራት። መጀመሪያ ስለ መምህሩ ድፍረት አማረረ፤ ቀጥሎ ስለ ጋዜጦች። ሚስቱ አላቋረጠችውም፤ ጨርሶ ዝም ሲል ብቻ፣ «ለልብስ ሰፊዋም እንዲሁ ብለሃት አልነበር?» አለችው።

«ሦስት ዓመት እኮ ሆነው። ረስታዋለች።»

«ብትረሳው ግድግዳህን ትረሳው ነበር? የነገርካት አንተ ነህ፤ ሂድና አንተው ንገራት።»

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘጋ። ባዶ እጁን መሄድ ከበደውና፣ የሚሰፋ እንዳለው ሰው፣ ጠርዛቸው ምንም ያልሆነ ሁለት ፎጣዎች ይዞ ገባ። ልብስ ሰፊዋ ፎጣዎቹን አገላብጣ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ እነዚህ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም» አለ። «እኔ ነኝ የሆንኩት። ያኔ፣ ጢም ከሞት በኋላ ያድጋል ያልኩሽ... ተሳስቻለሁ። አያድግም።»

የስፌት መኪናዋ ቆመ። ጉድበል የመምህሩን ቃል አንድ በአንድ ነገራት፤ ስለ ሥሩ፣ ስለ ደሙ፣ ስለሚሸሸው ቆዳ። ሲጨርስ እንደ ተማሪ ቆሞ ጠበቀ። ትቆጣኛለች ብሎ ነበር፤ ብትቆጣው በወደደ።

እሷ ግን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር አወረደች። ተሰፍቶ ያለቀ የወንድ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ የሜትሩን ጫፍ ኮሌታው ላይ አድርጋ ወደ ታች ሳበችው። ጣቷ አምስተኛው ቁልፍ ላይ አረፈ።

«እዚህ ደርሷል ብዬ ነበር» አለች። «በየወሩ እለካዋለሁ። አንድ ቀን ጢሙ ሳይላጭ ማደር የማይችል ሰው... እዚያ ማን ይላጨዋል እያልኩ። ሸሚዝ በሰፋሁ ቁጥር፣ ኮሌታ ላይ በደረስኩ ቁጥር።»

ጉድበል የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ! ለአንድ ምላጭ ክብር ሲል በዚች ሴት ላይ የጫነው ነገር አሁን ገና ታየው፤ አፈረ፣ ከልቡ አፈረ።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ልብስ ሰፊዋ ይቅርታውን የሰማችው አትመስልም። ሸሚዙን እያየች፣ «ታዲያ አሁን ፊቱ...» ብላ ተወችው። እንደገና ጀመረች። «እንደ ላጨኸው ነው?»

ጉድበል መሬት ውስጥ የገባ ገላ ምን እንደሚሆን ያውቃል። በየስንት ጊዜው ምን እንደሚሆን ደብተሩ ላይ ሦስት ገጽ ጽፏል፤ ስለ ትሎቹም ጭምር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሚያውቀውን ነገር ሳይናገር አልፎ አያውቅም።

«እንደ ላጨሁት ነው» አላት።

አቀርቅራ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ሜትሩን እስከ ጫፉ ጠቀለለችና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ሁለቱን ፎጣዎች አጥፋ ሰጠችው። ጉድበል ወደ ሱቁ ተመልሶ ደብተሩን አወጣ፤ መቶ አሥራ ሁለተኛውን ጉድ ፈልጎ በወፍራም መስመር ሰረዘው። እስኪመሽ ለማንም «ጉድ በል» አላለም። ደንበኞቹ ታሟል ብለው አወሩ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ አሙቆ ምላጭ ሲስል ግድግዳው ኳ ኳ አለ።

«ጋሼ» አለ ድምፁ፣ ትንሽ ሻከር ብሎ፤ «ዛሬ ምን ጉድ አለ?»