አራስ የተባልኩበት መንደር

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ልጄ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ በኖርዌይ ቋንቋ አንዱን ታባብላለች።

«ከማን ጋር ነው?» አልኳት።

«አላውቀውም እማ። ዛሬ ነው ጨዋታውን የጀመረው። ምንም የለውም፤ እንጨት እየሰጠሁት ነው።»

እዚህ ኖርዌይ በረዶው መስኮቱን ሊደፍን ምንም አልቀረውም። እኔ ግን ልብሱን አስቀምጬ በሐሳብ ወልቂጤ ገባሁ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትነን ውጤት የምንጠብቅበት ክረምት ነበር። የወልቂጤ ጭቃ በክረምት አይጣል ነው። ጓደኛዬ ትዕግሥትና እኔ ከመዝሙር ልምምድ ስንወጣ የተጠበሰ በቆሎ ይዘን ኢንተርኔት ቤት ጎራ እንላለን። አንድ ቀን ትዕግሥት አንድ ጨዋታ አገኘች። ለገባ ሁሉ ባዶ መንደር ይሰጠዋል፤ ያርሳል፣ ጎተራ ይሠራል፣ ወታደር ያሰለጥናል። ገጹ እስኪከፈት በቆሎዬ ይጋመሳል። ሕጉ ደግሞ ማለቂያ የለውም። በገባን ቁጥር ጎተራችንን ሌሎች ተጫዋቾች ገልብጠውት እናገኘዋለን።

«የዘረፈን ሰውዬ መንደሩን ምን ብሎ ሰይሞታል መሰለሽ? ሰላም» አለች ትዕግሥት።

ልንተወው ስንል አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ መልእክት መጣልን። «እህቶቼ፣ በስማችሁ ሐበሻ ናችሁ መሰለኝ። ወደ እኛ ቡድን ግቡ። እኛ ዘንድ አራስ አይነካም» ይላል። የጻፈው ከሪም የሚባል የቡታጅራ ልጅ ነው።

በእነሱ ቡድን አዲስ የገባ ሰው አራስ ይባላል። ሰባት ቀን ሙሉ እያንዳንዱ አባል እህል ይልክለታል፤ አራሱ ውለታ ልመልስ ማለት አይችልም፤ ተራው ሲደርስ ለሚቀጥለው አራስ ይሰጣል። ጠዋት ስንገባ ከሪም «አራሶቹ እንዴት አደሩ?» ብሎ ጽፎ ይጠብቀናል። ትዕግሥት «ገንፎው ቀጥኗል፣ ቅቤም ጎድሎታል» ብላ ትመልሳለች። ፊታቸውን አይተን የማናውቃቸው ሰዎች እንደ ወላድ ሲጠይቁን የእውነት ደስ ይለን ነበር።

ከሪም በቤተሰቦቹ የበርበሬ መደብር ውስጥ ይሠራ ነበር። ኩላሊቱን ይታመማል። አንዳንድ ቀን መቆም ሲያቅተው እዚያው አጠገብ ያለ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ይህን የነገረኝ በሁለት መስመር ነው፤ ስለ ራሱ ብዙ አያወራም። በጥቅምት መጨረሻ ለሕክምና አዲስ አበባ ሊሄድ ሆነ። ጨዋታው አንዱ የሌላውን መንደር እንዲጠብቅ ይፈቅዳል።

«ማርታ፣ ለሁለት ሳምንት መንደሬን ያዥልኝ። አንቺ ጠንቃቃ ነሽ» አለኝ።

«ቃሌ ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያናችን ጾም ጸሎት ያዘ። መሪው ልባችንን የወሰደውን የዓለም ነገር ሁሉ እንድንተው ጠየቀን። ጨዋታው ልቤን ወስዶት ነበርና ተነስቼ ቆምኩ፤ ዳግመኛ ላልነካው ለጌታ ቃል ገባሁ። ትዕግሥት ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር። እኔ ነጥብ አልመጣልኝም።

«እሺ፣ ተዪው። ግን ቢያንስ ለከሪም ንገሪው እንጂ» አለችኝ።

«ልነግረው ከገባሁ አልወጣም።»

«በሽተኛ ነው እኮ፣ ማርታ።»

«አንቺ ደግሞ ፈታኝ አትሁኚብኝ» አልኳት።

ትዕግሥት ከወር በላይ ቆይታ ከሐዋሳ ደወለች። «ገብቼ አየሁት። የከሪም መንደር ወድሟል። ስለ መንደሩ ግን አንድም ነገር አልጻፈም። ‹ማርታ ታማ ይሆን? ቤቷን የሚያውቅ ሰው የለም ወይ?› ነው የሚለው።»

«መቼ ነው የጻፈው?»

«ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ አልገባም።»

በማግስቱ ቡታጅራ ሄድኩ፤ ፊቱ ቆሜ ይቅርታ ልጠይቀው። በጉብሬ በኩል ደጋው ላይ ስንወጣ ጉሙ እንሰቱን ሸፍኖት፣ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ ይሄድ ነበር። ቡታጅራ ስንደርስ ፀሐይ ነው፤ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል። ያስነጥሰኝ ጀመር። የከሪምን መደብር ስጠይቅ አንዲት ቀጭን ሴት ሚዛኗን ትታ አየችኝ። እህቱ ዘሃራ ነበረች። ከሪም ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነበር።

ስሜን ስነግራት «የወልቂጤዋ ማርታ?» አለች። «መንደሩ ሲወድምበት ሳቀ እኮ። አንቺን ግን እስከ መጨረሻው ‹ልጅቷ ምን ነካት?› እንዳለ ነው ያለፈው። ምን ሆነሽ ነው የጠፋሽው?»

መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ቃል ነበረኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ታምሜ ነበር» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ተረፍሽ» ብላ አቀፈችኝ። ሳልበላ እንዳልሄድ ብላ ቆጮና አይብ አቀረበችልኝ። ለታመመ ሰው እንደሚደረገው አይቡን ወደ እኔ እያስጠጋች «ብዪ፣ ከስተሻል» ትለኝ ነበር። በላሁ።

ለጌታ የገባሁትን ቃል እስከ ዛሬ ጠብቄአለሁ፤ ጨዋታ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም። ለዓመታት ያ ቃል መልካም ሥራዬ ይመስለኝ ነበር። አሁን አሁን በጸሎቴ ጊዜ ሁለት መስመር መጻፍ ማንን ያስቀይም ነበር እያልኩ እጠይቃለሁ። ስለ ዋሸሁት ንስሐ ገብቻለሁ፤ ጌታም ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ዘሃራ ግን ዛሬም የምታውቀው ታምሜ እንደነበር ነው።