አፈር የሚያየው ሰውዬ

ከቢሮዬ ጎን ባለው ላቦራቶሪ የሚሠራው ሰውዬ ከጫካ የመጣ አፈር በሙጫ ያጠነክርና መስታወት ላይ ለጥፎ፣ ከወረቀት እስኪሳሳ ድረስ ሞርዶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ቀኑን ሙሉ ከአፈር ጋር ውሎ ጋዋኑ እንደ ሙሽራ ልብስ ነጭ ነው፤ ጫማውን ሳይጠርግ በሩን የሚረግጥ ሰው ግን ወዮለት!

አንድ ቀን የመጋዘኑን ቁልፍ እንዲያውሰኝ «አፈር ስሆን!» ብዬ ለመንኩት። ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ፣ «አትቸኩል ወንድሜ» አለኝ። «መጀመሪያ ትበሰብሳለህ፤ ከዚያ ትል ይበላሃል፤ የትሉን ኩስ ደግሞ ሌላው ይበላዋል። አፈር መሆን እንዲህ በልመና አይገኝም።»

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንጀት የለውም ይሉታል። ባለቤቱ ስትሞት ቀብር ሄድን። ለቀስተኛው ሁሉ እየቀረበ «አፈሩን ገለባ ያድርግላት» ይለዋል፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። በመጨረሻ የሟች ታናሽ እህት እያለቀሰች ያንኑ ስትለው እጇን ያዘ።

«አይዞሽ እታለም፣ ገለባ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ከዛፎቹ ሥር ያስቀበርኳት አውቄ ነው። የጫካ አፈር ግማሹ አየር ነው፤ እኔ አይቼዋለሁ።»