ዘጠኝ ዓመት በያሬድ መኪና

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም፣ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ አንድ ሁለቴም ሰክሬ መግባቴን ሳልደብቅ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ስግደቱን ያዝዙልኛል፣ እሰግዳለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰገድኩት ለትንንሾቹ ነው። ትልቁን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም። እርስዎ የማላውቅዎ አንባቢ፣ ዛሬ በእሳቸው ቦታ ይቀመጡልኝ።

የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ነኝ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ የካ ሚካኤል ባሉት ዳገቶች ላይ ለስንት ሰው ፍሪሲዮን አለቃቀቅ እንዳስተማርኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ያሬድም ተማሪዬ ነበር። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በአንድ የግንባታ ድርጅት መሐንዲስ ሆኖ የተቀጠረ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ የጡረተኛው የአቶ ታደሰ አንድ ልጅ። ሌሎቹ ተማሪዎቼ መንጃ ፈቃዳቸውን ሲያወጡ ስሜንም ይረሱታል። እሱ ግን ካወጣ በኋላም «ቲቸር» ማለቱን አልተወም። ይወደኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ነገሩን ለማሳመር አይደለም፤ የበደልኩት የሚወደኝን ሰው መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው።

እኔ አንዲት መኪና ነበረችኝ። ባለ ሁለት በር፣ አሮጌ፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና። ከአገር ሊወጣ ከነበረ የውጭ ሰው ገዝቼ ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ፈትቼ የገጠምኳት ናት። ሞተሯ የሚያሽከረክረው የኋላ ጎማዎቿን ብቻ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ከኋላ እየተገፋች ነው የምትሄደው፤ ኩርባ ላይ ነዳጅ ካበዙባት ጭራዋ ያመልጣል፣ ደንግጠው እግርዎን ድንገት ካነሱም ትዞራለች። የሚያግዝዎ ኮምፒውተር የላትም፣ የሚያባብልዎ ነገር የላትም። ያጠፉትን ያኔውኑ ፊት ለፊት ትነግርዎታለች። እኔም በዚህ ጠባይዋ እኮራ ነበር። «ይህች መኪና ውሸት አታውቅም» እያልኩ ለተማሪዎቼ እሰብክ ነበር።

ያሬድ ደግሞ ሥራ በያዘ በሁለተኛው ዓመት ሞተሯ አራቱንም ጎማዎቿን የሚያሽከረክር ፈጣን መኪና ገዛ። ዝናብ ቢዘንብ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አስፋልቱ ላይ ቢነጠፍ ግድ የላትም። አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሦስቱ ይይዙታል። ኩርባ ላይ ጭንቅ ሲመጣ ነዳጁን ረገጥ ማድረግ ነው፤ ራሷ ጎትታ ታወጣዎታለች። እኔ በራሴ መኪና ላይ «እንዳታደርጉ» የምለው ነገር በእሱ መኪና ላይ መዳኛው ነው። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ፤ ኃጢአቴ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ስለ እሱ አነዳድ ስጠየቅ «እሱ መቼ ነዳ? አዝላው ነው የምትሄደው» እል ነበር። ሰዎች ይስቃሉ፣ ያሬድም አብሮ ይስቅ ነበር።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መኪና የምንወድ አምስት ስድስት ሰዎች ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው መንገድ ላይ እንገናኝ ነበር። ዳገቱን ተራ በተራ እንወጣለን፣ ላይ ሻይ ጠጥተን እንወርዳለን። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት እሁድ የእኔዋ መኪና ኩርባው ላይ በሁሉም ፊት ተንሸራታ ፊቷን ወደ ከተማው አዞረች። ያሬድ ከኋላዬ ደረሰና መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ እስክስታ ነው እንዴ? በል ላይ ሻይ አዝዤ እጠብቅሃለሁ» አለኝ። በዚያው ዝናብ ሽቅብ አልፎኝ ሄደ። ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ እስቅ ነበር። ያለኝ ግን እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያቺ «እስክስታ» ጆሮዬ ውስጥ ስትመላለስ ከረመች። ስሙ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ፈልጌለት አጥቻለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የኋላ ጎማዎቹን ፈትቼ ያለቁ፣ መላጣ ጎማዎች ገጠምኩ። እስከዚህ ድረስ ለክፋት አልነበረም። ባዶ ሜዳ ላይ መንሸራተት ልለማመድ ስፈልግ ደህናው ጎማ እንዳያልቅብኝ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። እሁድ ጠዋት ልቀይረው አስቤ ሰነፍኩና እንዲሁ ወጣሁ። አስፋልቱ ርጥብ ነበር። እንጦጦን የወጣሁት እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ነው። ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነች በእግሬም በመቀመጫዬም አውቄዋለሁ። አላወቅኩም ነበር ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ላይ ስደርስ ያሬድ እንደ ልማዱ «ቲቸር፣ ዛሬስ አንዴ አታስነዳኝም?» አለኝ። ከዚያ በፊት ስንቴ ለምኖኝ «ገና ነህ» እያልኩ መልሼዋለሁ። ያን ቀን ቁልፉን ሰጠሁት።

«ምን ልጠንቀቅ?» አለኝ፣ ገና ሳይገባ።

አዩ? ጠየቀኝ። እንደ ተማሪ፣ በደንብ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ምንም። እንደ ራስህ መኪና ንዳት» አልኩት።

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ምን ነበር የፈለግሁት? እንዲሞት? አይደለም። እንዲሰበር? አይደለም። መኪናዋ እንድትዞርበት፣ ሰዎቹ እንዲስቁበት፣ እኔም በተራዬ «እስክስታ ነው እንዴ?» እንድለው ነበር የፈለግሁት። ይህ ታዲያ ጥፋቴን ያሳንሰዋል? ሰውን ለሳቅ ብሎ ወደ አደጋ የሚገፋ ምን ይባላል? ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል ሲሉ እሰማ ነበር። የእኔ ምላስ የሰበረውን አጥንት በራጅ አይቼዋለሁ።

ቁልቁል ወርዶ፣ ዞሮ ሽቅብ ሲመለስ የሞተሩን ድምፅ እንሰማ ነበር። ኩርባው ላይ ሲደርስ ድምፁ ድንገት ከፍ አለ። ጭራዋ ሲያመልጠው እንደ ራሱ መኪና መስሎት ነዳጁን እንደ ረገጠ ገባኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ፈገግ ብያለሁ። ግጭቱን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ሮጠን ስንደርስ መኪናዋ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ተጣብቃለች፤ እግሮቹ ከመሪው ሥር ተይዘዋል። በሩን በብረት ፈልቅቀን አወጣነው። እያወጣነው እጄን ያዘና «ቲቸር፣ መኪናህን… መኪናህን አጠፋኋት» አለኝ። ቀኝ እግሩ ከዚያን ቀን በኋላ አልታዘዘውም።

ትራፊክ ፖሊሱ «መኪናዋ ችግር ነበረባት?» ሲለኝ «ምንም አልነበረባትም። ልጁ አራቱም ጎማ የሚሠራ ለምዶ ነው» አልኩ። እንደ ባለሙያ አስረዳሁት፣ በእጄ ጭምር እያሳየሁ። አስተማሪ ስለ ሆንኩ አመነኝ። መኪናዋ ተጎትታ ግቢዬ ስትገባ መጀመሪያ ያደረግሁት የኋላ ጎማዎቹን መፍታት ነው። በረባሶ ለሚሠራ ሰው ሰጠኋቸው። ጫማ ሆነው በማን እግር እንዳለቁ አላውቅም።

ያሬድ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አቶ ታደሰ ሦስት ሽማግሌ ይዘው በጠዋት ቤቴ መጡ። በሩን ስከፍት አወቁብኝ ብዬ ነበር። አላወቁም። የመጡት ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው። የሰው ንብረት ተውሶ ያጠፋ ሰው ወገኖቹ ሽማግሌ ይልካሉ፤ ወጉ ነው። «ኧረ ተቀመጡ» ስላቸው «ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ልጃችን የደከምክባትን መኪና አጥፍቶብሃል። ታሟል ብለን ጥፋቱን አንሸፍንም። የእሱ መኪና በእሷ ፈንታ ላንተ ትሁን፤ አንተ ብቻ ቂም እንዳትይዝበት» አሉኝ። አቶ ታደሰ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። አራት አዛውንት ፊቴ ቆመው እየጠበቁኝ፣ ከዚያ የተሻለ የኑዛዜ ቦታ ከየት ይገኛል? እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ አቶ ታደሰን ቀና አደረግኋቸውና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ይቅር አልኩ! እኔ! ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መረቁኝ፤ «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» አሉ። መኪናዋን ለወጉ ያህል ሁለቴ እንቢ ብዬ በሦስተኛው ተቀበልኩ። አቶ ታደሰ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፣ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሊብሬውም በስሜ ዞረ።

ይኸው ዘጠኝ ዓመት እነዳታለሁ። አቶ ታደሰ ወር በገባ በአሥራ ሁለት የካ ሚካኤል ሳሚ ነበሩ። ዳገቱ ያደክማቸዋል ብዬ አደርሳቸው ነበር። ቀና ሰው መምሰል እንዴት ይጥማል! በልጃቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው «ልጄ፣ ክፉ አይንካህ» ይሉኝ ነበር። «አሜን» እል ነበር። ባለፈው ዓመት አረፉ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።

አንድ ክረምት ብቻዬን ከዚያው ከየካ ሚካኤል ቁልቁል ስወርድ ሐሳብ ይዞኝ አንድ ኩርባ በፍጥነት ገባሁበት። በድሮዋ መኪናዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። ይህችኛዋ ትንሽ ተወዛወዘችና ይዛኝ ወጣች። መንገድ ዳር አቁሜ አለቀስኩ። ድሮ የናቅኳት የሰው ስህተት ትሸፍናለች ብዬ ነበር። እኔን በሸፈነችኝ ሰዓት ባለቤቷ በምርኩዝ ታክሲ ይጠብቅ ነበር።

ያሬድ በየዓመቱ ቅበላ ሰሞን፣ ዓቢይ ጾም ሳይገባ፣ ዳገቱን በምርኩዙ ወጥቶ ቤቴ ይመጣል። «ቲቸር፣ ለዚያ ነገር ይቅር በለኝ» ይለኛል። «ተው እንጂ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» እለዋለሁ። ዘንድሮም ባለፈው ሳምንት መጣ። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገርም ይዞ ነው የመጣው። በእጅ ብቻ የሚነዳ መኪና እንዳለ ሰምቷል፤ እንደገና መንዳት ይፈልጋል።

«ግን ፈራሁ ቲቸር» አለኝ። «ያን ቀን ምን እንዳጠፋሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነዳጅ አበዛሁ? እግሬን አነሳሁ? መሪውን ዘግይቼ አዞርኩ? ንገረኝና ሁለተኛ አልደግመውም።»

እኔም ነገርኩት። አስተማርኩት! ኩባያ ጠረጴዛው ላይ እየገፋሁ፣ በኋላ ጎማ የምትሄድ መኪና ለምን ጭራዋ እንደሚያመልጥ፣ በአራቱም የምትሄደው እንዴት እንደምትይዝ አንድ በአንድ አሳየሁት። «አንተ እዚህ ጋ ነዳጅ ረገጥክ፤ ጥፋትህ እሱ ነው» አልኩት። ከተናገርኩት ውስጥ አንድም የተሳሳተ ትምህርት አልነበረም። የተውኩት ጎማዎቹን ብቻ ነው። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና «እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። በቃ እኔ ለመንዳት አልተፈጠርኩም ማለት ነው» ብሎ ምርኩዙን አነሳ። በር ድረስ ሸኘሁት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ኃጢአቴ ያረጀ መስሎኝ ነበር። ቀን ጥሎኝ ነው፣ ደንግጬ ነው፣ የቅናት ነገር ነው እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ባለፈው ሳምንት ምን ጣለኝ? ማን አስደነገጠኝ? የቀናሁበት ልጅ ፊቴ አንካሳ ሆኖ ተቀምጧል፤ እኔም ሻይ አቅርቤለት፣ ረጋ ብዬ፣ አስቤበት እንደገና በደልኩት። ከእንግዲህ ምክንያት የለኝም።

አንባቢዬ፣ እስካሁን ስለ ታገሡኝ አመሰግናለሁ። «ይፍቱኝ» ግን አልልዎትም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ይህን ወረቀት ነገ ጠዋት ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር ለያሬድ እሰጠዋለሁ። ስለዚህ የቀረችውን ለእሱ ልጻፍ።

ያሬድ፣ ምን እንዳጠፋህ ጠይቀኸኝ ነበር። ምንም አላጠፋህም፤ ነዳጁን የረገጥከው እንደ ራስህ መኪና ንዳት ስላልኩህ ነው። የኋላ ጎማዎቹ መላጣ ነበሩ፤ አውቄ ነው ቁልፉን የሰጠሁህ። ምን ልጠንቀቅ ስትለኝ መናገር የነበረብኝ ይህንኑ ነው። ደህና ጎማ ቢኖራት በአንተ እጅ ያን ኩርባ ትወጣው ነበር። ካስተማርኳቸው ሁሉ እንዳንተ ያለ ነጂ አልገጠመኝም፤ የቀናሁትም ለዚያ ነው። ለአባትህ የምነግርበት ቀን አልፎብኛል። እሱን እስክሞት እሸከመዋለሁ። አንተ ግን መንዳት ትችላለህ። መኪናህን ውሰድና ሌላ አስተማሪ ፈልግ። ይቅር በለኝ አልልህም። አውቅሃለሁ፤ ተናግሬ ሳልጨርስ ይቅር ትለኛለህ።