የመድረኩ ሰሌን

ትናንት አንድ ሠራተኛ ለበረንዳዬ እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ፣ ሽታው አሶሳ፣ ልጅ ሆኜ ያደግሁበት ግቢ ወሰደኝ።

ያኔ ክልላችን ገና መመሥረቱ ነበር። ለመጀመሪያው የባህል በዓል የመድረኩ ግድግዳ ሕዝቡ ራሱ በሠራው የቀርከሃ ሰሌን እንዲሸፈን ተባለና ከየቤቱ አንድ አንድ ቁራጭ ተጠየቀ። በሰፈራ ከወሎ የመጣችው እናቴ ግን፣ «የአገሬው ሰው ይሥራው፤ እኛ እንግዳ ነን» ብላ ተወችው።

በማግስቱ የአገሬው ሰው የሆኑት በርታዋ ጎረቤታችን እትዬ አሚና ስንጥር ቀርከሃ ታቅፈው መጡ።

«አንቺ ልጅ እዚህ ወለደ» አሏት በተሰባበረ አማርኛቸው፣ እኔን እያሳዩ። «እንግዳ ልጅ አይወልድም፤ ይሄዳል።»

እዚያ መወለዴን ማን አጣው ብዬ ገረመኝ። እናቴ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ስንጥሩ ጣቷን እየቆረጠው እሳቸው እንዳሳዩዋት ስትሠራ ዋለች። ሰሌኗ በአንድ ጎኑ ተንሻፈፈ።

የበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ ጭፈራውን ሲያይ፣ እሷ እጄን ይዛ ግድግዳው ላይ ሰሌኗን ከዳር እስከ ዳር ፈለገች። ስታገኘው ጮክ ብላ፣ «ይኸውና የእኛ!» አለች። ሰዎች ዞረው ሲያዩን አላፈረችም።

ዛሬም አሶሳ ናት። እኔ ዘንድ መጥተሽ ኑሪ ስላት፣ «አገሬን ለማን ትቼ?» ትለኛለች።